ከቁፋሮ የሚወጣ ጥንታዊ እንጨትና ብስባሴው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጥንታዊ ቦታ እንጨት ተገኘ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ሌላው ነው፦ ምን በላው? ምንስ ተረፈው? እንጨትን በቤተ ሙከራ የሚያጠኑ ሰዎች ብስባሴን እንደ ሰነድ ያነቡታል። እንጨቱ የት እንደነበረ፣ አየር አግኝቶ እንደሆነ፣ ከጎኑ ምን እንደተቀበረ ከዚያው ይረዳሉ። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንጨት መሬት ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል?

ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። እርጥብና አየር የሚያገኝ አፈር ውስጥ የተተከለ ቋሚ በጥቂት ዓመታት ከሥሩ ሊበሰብስ ይችላል። ዛምቢያ ውስጥ ካላምቦ ፏፏቴ አጠገብ የተገኙት፣ በሰው እጅ የተጠረቡና አንዱ በሌላው ላይ የተጋደሙ ግንዶች ግን ቢያንስ 476,000 ዓመት እንደሆናቸው በ2023 ይፋ ሆኗል። እንግሊዝ ውስጥ ክላክተን በሚባል ቦታ በ1911 የተገኘው የእንጨት ጦር ጫፍ 400,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ጊዛ ላይ ከታላቁ ፒራሚድ ጎን በ1954 የተገኘው የፈርዖን ኩፉ ጀልባም 4,500 ዓመት ግድም ቆይቷል። የተሠራው በአብዛኛው ከሊባኖስ ዝግባ ነው።

ካላምቦና ክላክተን ላይ እንጨቱን ያቆየው ውሃ የጠገበ ደለል ነው። ጊዛ ላይ ያቆየው ደረቅና የታሸገ ጉድጓድ ነው። ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ውጤታቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ዋናውን በላተኛ፣ ፈንገስን፣ ከእንጨቱ ያርቃሉ። ፈንገስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ገደማ በታች ከሆነ መብላት አይችልም። እንጨቱ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከሰጠመ ደግሞ ኦክስጅን ያጥረዋል። ብርዱ የበረታበት ቦታም ሥራውን በጣም ያዘገየዋል። እንጨትን በፍጥነት የሚጨርሰው መሃል ያለው ነው፦ እርጥብ፣ ሞቅ ያለ፣ አየር ያለው ቦታ። አንዴ የሚርስ፣ አንዴ የሚደርቅ አፈር ለእንጨት ክፉ ነው።

እንጨት ሲበሰብስ በትክክል የሚጠፋው ምንድን ነው?

የእንጨት ህዋስ ግድግዳ በዋናነት ከሦስት ነገሮች ይሠራል። ሴሉሎስ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይይዛል፤ እንጨቱ ሲሳብ እንዳይበጠስ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀሪው በአብዛኛው ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን ነው። ሊግኒን ግድግዳውን ያጠነክራል፣ ህዋሶቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፣ ለመፍጨትም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከመሬት በወጣ አሮጌ እንጨት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሴሉሎሱ አልቆ ሊግኒኑ ቀርቶ ይገኛል። ቀለሙ የሚጠቁረው፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉደውም ለዚህ ነው።

ታዲያ የሚበላው ማን ነው?

ፈንገሶቹ በሦስት ይከፈላሉ። የቡናማ ብስባሴ ፈንገሶች ሴሉሎሱን ይጨርሱና ሊግኒኑን ይተዋሉ። እንጨቱ ቡናማ ይሆንና ኩብ ኩብ እየሆነ ይሰነጣጠቃል። የነጭ ብስባሴ ፈንገሶች ሊግኒኑንም መፍጨት ይችላሉ፤ የሚቀረው ነገር ነጣ ያለና ጭረት ጭረት ያለው ነው። ሦስተኛው ለስላሳ ብስባሴ ይባላል። በጥንታዊ እንጨት ጥናት ውስጥ ትልቁ ባለጉዳይ እሱ ነው። ሌሎቹ የማይችሉትን ይቋቋማል፦ በጣም እርጥብ፣ ደረቅ የሚባል፣ ቀዝቃዛ ወይም ጨዋማ ቦታ ላይ ይሠራል። በህዋሱ ግድግዳ ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቦርቡሮ ይተዋል፤ እነዚህ ቀዳዳዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አይሳቱም።

ፈንገስ በማይደርስበት ቦታ ባክቴሪያ ይተካል። ውሃ የጠገበና ኦክስጅን ያጣ እንጨት ውስጥ የሚሠሩት ግድግዳውን ከውስጥ እየሸረሸሩ የሚሄዱ ባክቴሪያዎች ናቸው። በጣም ቀርፋፋ ናቸው፤ ጊዜ ግን አላቸው። በደረቅ አገር ምስጥና እንጨት የሚበሱ ጥንዚዛዎች አሉ። በባሕር ውስጥ ደግሞ የመርከብ ትል የሚባለው አለ። ስሙ ትል ይሁን እንጂ ከዛጎል ለበስ እንስሳት ወገን ነው። እሱ የደረሰበት መርከብ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

ውሃ እንጨት ያበሰብሳል እየተባለ፣ የሰጠሙ መርከቦች እንዴት ይተርፋሉ?

ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚዛመተው በአየር ውስጥ ከሚዛመተው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ ላይ ጭቃ ከተደፋበት እንጨቱ ከሞላ ጎደል ታፈነ ማለት ነው።

ጥቁር ባሕር ጥልቁ ኦክስጅን የለውም። በ2018 ይፋ የሆነው የግሪክ የንግድ መርከብ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት ላይ 2,400 ዓመት ገደማ ቆይቶ ምሰሶው እንደቆመ ተገኝቷል። የባልቲክ ባሕር ውሃ ጨዉ ስለሚያንስ የመርከብ ትል ብዙም አይመቸውም። አንታርክቲካ አጠገብ በዌዴል ባሕር የሰጠመችው ኢንዱራንስ የተባለች መርከብም በመጋቢት 2022 በ3,008 ሜትር ጥልቀት ላይ ስትገኝ እንጨቷ በሚያስገርም ደህንነት ላይ ነበር። እዚያም እንጨት በሊታ እንስሳት የሉም ማለት ይቻላል።

ሲወጣ ደህና የነበረ እንጨት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለምን ይጨማደዳል?

ይህን በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያ ለዘመናት የሸረሸረው እንጨት ማሩ እንደተወሰደበት ሰፈፍ ነው። ቅርጹ አለ፣ የመጥረቢያው ምልክት እንኳ ይታያል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ቅርጹን ደግፎ የያዘው የሞላበት ውሃ ነው። ውሃው መትነን ሲጀምር በጠባቦቹ የህዋስ ክፍተቶች ውስጥ ያለው የውሃ ገጽ ግድግዳዎቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ጤነኛ ግድግዳ ይህን ይችለዋል። የተበላው አይችልም፣ ይወድቃል። አንዴ ከወደቀ ውሃ መልሶ ቢጨመርበትም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

«መሬት ውስጥ ሺህ ዓመት የቆየ ነገር አንድ ሳምንት ምን ያደርገዋል?» የሚሉ አሉ። ያቆየው እኮ መሬቱ ነው። ከመሬቱ ሲለይ ጥበቃውም ቀረ።

ተመራማሪዎች የብስባሴውን መጠን በምን ይለካሉ?

ቀላሉ መንገድ ቀጭን መርፌ ነው። ወደ እንጨቱ ይገፋና የት ድረስ ያለ ችግር እንደሚገባ ይታያል። ብዙ ጊዜ ውጩ ለስልሶ መሃሉ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው የውሃውን መጠን መለካት ነው። ቁራሹ ውሃ እንደጠገበ ይመዘናል፣ ከዚያ ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። የውሃው ክብደት ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋር ይነጻጸራል። ለኦክ ዛፍ እንጨት የተለመደ ምደባ አለ፦ ከ185 በመቶ በታች ከሆነ ብዙም አልተጎዳም፣ ከ185 እስከ 400 መካከለኛ ነው፣ ከ400 በላይ ከሆነ ክፉኛ ተበልቷል። 400 በመቶ ማለት 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎ ውሃ ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። የቀረው እንጨት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስቡት።

ማይክሮስኮፕ ደግሞ በላተኛውን ይለያል። በቀጭኑ የተቆረጠ ናሙና በብርሃን ማይክሮስኮፕ፣ ከዚያም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል። የለስላሳ ብስባሴ ቀዳዳና የባክቴሪያ ሽርሽር አይመሳሰሉም። በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ መሣሪያም ሴሉሎሱና ሊግኒኑ በምን መጠን እንደቀሩ ይጠቁማል። ኤክስሬይ ሳይቆርጡ ውስጡን ያሳያል።

አሁን አሁን ዲኤንኤ መመርመርም ተለምዷል። ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ዲኤንኤ የሚናገረው ናሙናው ውስጥ ማን እንዳለ ነው። ያ ፍጥረት እንጨቱን የበላው ይሁን ወይም ትናንት ከአፈር የገባ እንግዳ ይሁን አይለይም። በእኔ አስተያየት የማይክሮስኮፕ ማስረጃ የሌለው የዲኤንኤ ዝርዝር ግማሽ መልስ ነው።

ብስባሴ ስለ ጥንት ሰዎች ምን ሊነግረን ይችላል?

ከሁሉም የምወደው ምሳሌ ቱርክ ውስጥ ጎርዲዮን ላይ ያለው ነው። ጎርዲዮን የፍርግያ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። እዚያ ካሉት የመቃብር ጉብታዎች ትልቁ ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከሥሩ ከእንጨት የተሠራ የመቃብር ክፍል አለ፤ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 740 አካባቢ ነው። በ1957 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ቆፋሪዎች ሲገቡ የአንድ ንጉሥ አስከሬን፣ የነሐስ ዕቃዎችና ድንቅ የእንጨት ጠረጴዛዎች አገኙ። ሰውየው የፍርግያው ንጉሥ የሚዳስ አባት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ራሱ ሚዳስ ነው ያሉም ነበሩ።

እንጨቱን ያጠኑት ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ብላንሼትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በላተኛው የለስላሳ ብስባሴ ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ድረስ የሚያስገርም የለም። ችግሩ፣ እንጨት ናይትሮጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ ፈንገስ ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አያድግም። ታዲያ ናይትሮጅኑን ከየት አመጣው? በ2001 የታተመው ጥናታቸው በተበሰበሰው እንጨት ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ዓይነት ለካ። ከባዱ የናይትሮጅን ዓይነት በዝቶ ተገኘ። ይህ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በብዛት የሚበላ ሰው አካል ምልክት ነው። ፈንገሱ ናይትሮጅኑን ከንጉሡ አስከሬን ወስዶ፣ እንጨቱን እየበላ በክፍሉ ውስጥ አሰራጭቶታል ማለት ነው። የአንድ ንጉሥ ማዕድ ምን ይመስል እንደነበር ከበሰበሰ እንጨት ተነበበ። ያ እንጨት «ተበላሽቷል» ተብሎ ተጠርጎ ቢጣል ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

ሌላው ምሳሌ አንታርክቲካ ነው። የአንታርክቲካ አሳሾቹ የስኮትና የሻክልተን ጉዞዎች በ1902፣ በ1908 እና በ1911 የሠሯቸው የእንጨት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። እዚያ ብርድ ምንም ነገር እንዲበሰብስ አያደርግም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሲመረመር አፈር በሚነካው እንጨት ውስጥ ለስላሳ ብስባሴ ተገኘ። የውጩ ግድግዳ ላይ ደግሞ እንጨቱ ጭረት ጭረት ብሎ ጸጉር አውጥቶ ነበር። ያ የፈንገስ ሥራ አይደለም፤ ከባሕሩ የሚመጣው ጨው ህዋሶቹን ያጣበቀውን ነገር አላልቶት ነው። የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም። አንዱ አፈሩንና በረዶውን ከእንጨቱ ማራቅ ይፈልጋል፤ ለሌላው ያ አይጠቅመውም። ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ከምርመራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ብስባሴ የዕድሜ ልኬትን ያዛባል?

አዎ፣ በሁለት መንገድ። በዛፍ ቀለበት ዕድሜ ሲቆጠር ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት የሚነግረው ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ቀለበት ነው። ቅርፊቱ አጠገብ ያለው ለጋ እንጨት ደግሞ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ነው። እሱ ከጠፋ «ከዚህ ዓመት በኋላ ተቆርጧል» ከማለት አያልፍም።

በራዲዮካርቦን፣ ማለትም ዛፉ ከሞተ በኋላ በዕድሜ እየቀነሰ በሚሄድ የካርቦን ዓይነት፣ ሲለካ ደግሞ እንጨቱ ቀደም ብሎ በኬሚካል ታክሞ ከሆነ ችግር አለ። ብዙዎቹ ማጠንከሪያዎች ከነዳጅ ዘይት የተገኙ ናቸው፤ በውስጣቸው የቀረ ራዲዮካርቦን ስለሌለ እንጨቱን ከእውነተኛ ዕድሜው ያስረጁታል። ናሙና ከሕክምና በፊት መውሰድ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቫሳ የተባለው መርከብ ታክሞ ዳነ ተብሎ አልነበረም? ምን ሆነ?

ቫሳ በነሐሴ 10 ቀን 1628 በመጀመሪያ ጉዞው ስቶክሆልም ወደብ ላይ ሰጠመ። በሚያዝያ 24 ቀን 1961 ወጣ። ከዚያ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል፣ ባጭሩ ፔግ፣ የሚባል በውሃ የሚሟሟ ሰም መሰል ነገር ለ17 ዓመት ተረጨበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ ውሃው ሲወጣ ቦታውን ፔግ ይይዛል፣ ግድግዳው አይወድቅም። ከ1990 ጀምሮ በራሱ ሙዚየም ይታያል።

ከዚያ በ2000 አካባቢ እንጨቱ ላይ ነጭና ቢጫ የጨው ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። ሲለካ ብርቱ አሲድ ነው። ምክንያቱ ከ300 ዓመት በፊት የጀመረ ነገር ሆኖ ተገኘ። ወደቡ የከተማ ፍሳሽ የሚገባበት ነበር። ኦክስጅን ባጣው ውሃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ድኝ ያለበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አመረቱ፤ ድኙ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ተከማቸ። ከዛገው የብረት ችንካር የወጣ ብረትም አብሮ ገባ። መርከቡ አየር ሲያገኝ ብረቱ ሂደቱን እያፋጠነ ድኙ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ መለወጥ ጀመረ። በ2002 የወጣ ጥናት በእንጨቱ ውስጥ ያለው ድኝ ሁሉ ቢለወጥ እስከ 5,000 ኪሎ ግራም አሲድ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። አሲድ ደግሞ የቀረውን ሴሉሎስ ይቆራርጣል። ሙዚየሙ የአየሩን እርጥበት በጥብቅ ወደ መቆጣጠርና ችንካሮቹን በማይዝግ ብረት ወደ መተካት ገባ።

ከዚህ የሚወሰደው ነገር ፔግ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ያለ ፔግ ቫሳ ዛሬ አይኖርም ነበር። እንጨቱ ከበላተኞቹ ሌላ የገባበትንም ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1545 ሰጥሞ በ1982 የወጣው የእንግሊዙ መርከብ ሜሪ ሮዝም ድኝና ብረት አለበት። ከ1994 እስከ 2013 ፔግ ሲረጭበት ቆይቶ ነው ማድረቅ የተጀመረው።

ሌላ ማከሚያ የለም?

አለ። ትንንሽ ዕቃዎች ፔግ ከጠጡ በኋላ በረዶ ሆነው አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ይደርቃሉ። በረዶው ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ስለሚተን ግድግዳውን የሚስብ ውሃ አይኖርም። በእኔ ዓይን ለትንሽ ዕቃ ከሁሉም የተሻለው ይኸኛው ነው።

በጣም የሚያሳዝነው ታሪክ ኖርዌይ ውስጥ በ1904 የተቆፈረው፣ ኦሰበርግ የተባለው የቫይኪንግ የመርከብ መቃብር ነው። መርከቡ ራሱ ከጠንካራ ኦክ ስለተሠራ ደህና ነው። አብረውት ከተገኙት የተቀረጹ ዕቃዎች ብዙዎቹ ግን በሞቀ የአሉም ጨው ተነከሩ። በዘመኑ የነበረው ምርጥ ዘዴ እሱ ነበር። አሉም ሲሞቅ አሲድ ይለቃል። ከመቶ ዓመት በኋላ ከእነዚህ ዕቃዎች አንዳንዶቹ ላያቸው ደህና መስሎ ውስጣቸው ወደ ዱቄት እየተለወጠ ነው።

ታዲያ ሳያወጡ መተው አይሻልም?

ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ግን «መተው» ማለት መርሳት ማለት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ስታር ካር የሚባል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 9000 አካባቢ አዳኞች የኖሩበት ረግረግ አለ። ከ1949 እስከ 1951 ሲቆፈር እንጨትና አጥንቱ በጥሩ ሁኔታ ወጣ። ከ2000 በኋላ ተመልሰው ሲቆፍሩ ግን ብዙው እንጨት ለስልሶና ተጨፍልቆ ጠበቃቸው። አካባቢው ለእርሻ ተብሎ ውሃው ተንጣፍፎ ነበር። የውሃው ልክ ሲወርድ አየር ገባ፤ በአፈሩ ያለው ድኝ ወደ አሲድ ተለወጠ። ቫሳ ላይ የደረሰው ነገር እዚህ ማንም ሳይነካው መሬት ውስጥ ደረሰ።

ተቃራኒው ምሳሌ በዚያው አገር ያለው ስዊት ትራክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3807 ወይም በ3806 በረግረግ ላይ የተሠራ የእንጨት መንገድ ነው። ከፊሉ ባለበት እንዲቆይ ውሃ እየተገፋለት ይረጥባል።

ውሃ ውስጥ ማቆየትም ፍጹም መከላከያ አይደለም። የአምስተርዳም ቤተ መንግሥት በ13,659 የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። በዚያች ከተማ ብዙ እንዲህ ያሉ ምሰሶዎች ከውሃ በታች ሆነውም በባክቴሪያ ቀስ እያሉ ይሸረሸራሉ። ስለዚህ የውሃው ልክ፣ አሲድነቱና ኦክስጅኑ በየጊዜው መለካት አለበት።

በአጋጣሚ ጥንታዊ የሚመስል እንጨት ባገኝ ምን ላድርግ?

ባለበት ተወው። መጀመሪያ ባለበት ሁኔታ ፎቶ አንሣና ለአካባቢው የቅርስ መሥሪያ ቤት ደውል።

ከተገለጠና ባለሙያ እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ከሆነ፣ እርጥብ የነበረው እርጥብ ሆኖ ይቆይ። በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን፣ ከላይ ፕላስቲክ ይደረግበት፣ ፀሐይ አይንካው። ደረቅ ሆኖ የተገኘውን ደግሞ አታርሰው፤ ለእሱ ውሃ ጠላቱ ነው።

በብሩሽ አትፈትግ፣ ቫርኒሽ ወይም ሙጫ አትቀባ። የተጣበቀበትን አፈርም አብረህ አቆይ። የተቀነጠሰ ስብርባሪ ካለ ቦታው ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጥ፤ ለናሙና ዋናውን ዕቃ ከመቁረጥ የሚያድነው እሱ ሊሆን ይችላል።